ለዘንዶው የተነፋ ጡሩምባ

«ጨው ታቀብለኝ በላት» አለው ወንድሜ ልጄን። እኔ እኮ ፊት ለፊቱ ነው የተቀመጥኩት! ጉልበቴ ጉልበቱን ሊነካ ምንም አልቀረው፤ የኮንዶሚኒየም ሳሎን ምን ስፋት አለውና። ልጄ አዶኒያስ እንደ ልማዱ ያንን ትልቅ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ደፍቶ ስለነበር አልሰማም። ወንድሜ አባይነህ ክንዱን ነካ አድርጎ ደገመለት፤ «እናትህን፣ ጨው ታቀብለኝ በላት።» አዶኒያስ ወደ እኔ ዞረና «እማዬ፣ ጨው» አለኝ። «እጁ አልተቆረጠም በለው» አልኩት። እሱም የታዘዘውን ሳያጎድል ወደ አጎቱ ዞሮ «እጅህ አልተቆረጠም» አለው። ወንድሜ እንቁላሉን ያለ ጨው በላ። እልኸኛ ነው። ቤታችን ውስጥ እንዲህ በአስተርጓሚ መነጋገር ከጀመርን ሁለት ወር ሊሞላ ነው፤ በአንድ ቋንቋ፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ።

ሰምታችሁ እኔን ጥፋተኛ እንዳታደርጉኝ ነገሩን ልንገራችሁ። ወንድሜ የእድራችን ጡሩምባ ነፊ ነው፤ ማለቴ ነበር። ላፍቶ እዚህ ኮንዶሚኒየም ከገባን ጀምሮ፣ ሰው ሲሞት ገና ሳይነጋ ካፖርቱን ደርቦ ይወጣል፤ በየብሎኩ መሃል ቆሞ ያንን ረጅም ጡሩምባ ይነፋና የሟቹን ስምና ቀብሩ የሚፈጸምበትን ቤተ ክርስቲያን ይለፍፋል። ነገር የተበላሸው የእድሩ ሰብሳቢ አቶ ክብረት ልጃቸው ዘመናዊ ስልክ የገዛችላቸው ቀን ነው። «በዚህ ዘመን ጡሩምባ ምን ይሠራል? በቴሌግራም እንጠራራ!» አሉና ድምፅ አሰጡ። እኔም እጄን አወጣሁ። አዎ፣ አወጣሁ! ባለፈው ክረምት ዝናብ እየደበደበው ሲነፋ ከርሞ ሌሊቱን ሙሉ እንዴት ሲስል እንደሚያድር የማውቀው እኔ ነኝ፤ አቶ ክብረት አይደሉም። «ደረትህን አስቤ ነው» ብለው ደግሞ «አርጅተሃል አልሽኝ» ብሎ ያኮርፋል ብዬ ዝም አልኩ። ዝም ብዬም ማኩረፉ አልቀረልኝ። ከወንበሮቹ ማዶ ሆኖ እጄ ሲወጣ አየ፤ ከዚያን ቀን ወዲህ «እፄ» ብሎ ስሜን ጠርቶት አያውቅም።

ቴሌግራሙም ቢሆን ጉድ ነው። ሰው ሁሉ በየጠዋቱ የአበባ ሥዕልና «መልካም ቀን» ሲልክበት፣ ግማሹ እድርተኛ ድምፁን ዘግቶ ተገላገለ። በቅርቡ አንዲት የብሎክ ሰባት እናት ሲያርፉ መርዶው በሁለት አበባዎች መሃል ገብቶ ቀረ፤ ያየው አንድ ጎረምሳ ደግሞ ጣቱ ስቶ የሚጨፍር ድመት ላከበት። ቀብሩ ላይ ከእድርተኛው የተገኘነው አንድ ሚኒባስ አልሞላንም። አቶ ክብረት ግን «ሕዝቡ እስኪለምደው ነው» ይላሉ። ሞት ይለመዳል እንዴ?

ዛሬ እሑድ ጠቅላላ ጉባኤ ነው፤ አጀንዳው ደግሞ የጡሩምባ ርክክብ። ከማን ወደ ማን መሰላችሁ? የእድሩ ንብረት ያዥ እኔ ነኝ! ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ጎላ ድስቱ፣ ሞንታርቦው፣ ሁሉም ያለው በእኔ ቁልፍ ነው። ጡሩምባውም የእድር ንብረት ስለሆነ ወንድሜ በሰው ፊት ያስረክበኛል፤ እኔም ተቀብዬ ከድስቶቹ ጋር እቆልፍበታለሁ። ከዚያ በኋላ እሱ ፉሪ፣ የአክስታችን ልጅ ማናዬ ዘንድ ሊገባ ነው። ይህንንም የሰማሁት በአዶኒያስ በኩል ነው። ቦርሳው ተዘጋጅቶ በሩ ሥር ቁጭ ብሏል፤ ወለሉን ስወለውል ዙሪያውን እዞረዋለሁ እንጂ አልነካውም። እንዲሄድ አልፈልግም። ይኸው፣ ተናገርኩ። ባሌ ካረፈ ወዲህ በዚህ ቤት ውስጥ ጠዋት ጠዋት ጉሮሮውን የሚጠርግ እሱ ነው፤ ያንን ካልሰማሁ የነጋ አይመስለኝም። ግን ለምኜ አላስቀረውም። ሞቼ እገኛለሁ!

አዶኒያስ ደግሞ የራሱ ዓለም አለው። አካውንቲንግ ተመርቆ፣ መሥሪያ ቤት ገብቶ፣ ደመወዝ ይዞ ደስ ሲለኝ፣ አንድ ቀን ሥራውን ጥሎ መጣና በረንዳችንን በስፖንጅ ደፍኖ «ሙዚቃ ደራሲ ሆኛለሁ» አለ። የሚደርሰውም የሚዘፈን ነገር ቢሆን ባልከፋ፤ የኮምፒውተር ጌም ማጀቢያ ነው። እሱና ጓደኛው ሃሩን፣ ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይተው ጌም ይሠራሉ፤ ሃሩን ሥዕሉን፣ የእኔው ድምፁን። አንድ ቀን ጠጋ ብዬ «ለመሆኑ ምንድነው የምትሠራው?» አልኩት። «ኦርኬስትራ ነው፣ እማዬ። ስልሳ ቫዮሊን አለኝ።» «የት?» «እዚህ ውስጥ» ብሎ ላፕቶፑን አሳየኝ። «ስልሳውንም ታበላቸዋለህ?» አልኩት። ሳቀ። እኔ ግን የምሬን ነበር፤ እሱ ራሱ ምሳውን የሚያስታውሰው እኔ ስጮህበት ነው።

ጌሙ ለሕዝብ የሚለቀቀው ዛሬ ማታ ነው። ከመለቀቁ በፊት ሥራዬን በትልቅ ማጉያ መስማት አለብኝ እያለ ሳምንቱን ሙሉ የእድሩን ሞንታርቦ ሲለምነኝ ከረመ። «የእድር ንብረት መጨፈሪያ አይደለም» አልኩት። «አይጨፈርበትም እኮ። ዘንዶ ነው የሚወጣበት።» ይሄ ይባስ! ብቻ በመጨረሻ፣ ሞንታርቦውን ለጉባኤው ተሸክሞ ካወጣልኝ ሰው እስኪሰበሰብ ትንሽ ይሞክርበት ብዬ ፈቀድኩ። ወገቤን አስቤ እንጂ ሙዚቃውን አስቤ አይደለም።

ግቢ ወርደን ኮሚናሉን ከፈትኩ፤ የእድሩ ዕቃ የሚቀመጥበትን የጋራ ቤት ማለቴ ነው። ወንድሜ «ሰዓቱ ሲደርስ እወርዳለሁ በላት» ብሎ እቤት ቀረ። አቶ ክብረት ከረባት አስረው ጠረጴዛቸው ጋ ተሰይመዋል፤ ፊታቸው ያለው ወንበር ግን ባዶውን ነው። ከእኛ ሌላ የመጡት አቶ ሂርጳ ናቸው፣ የግሮሰሪው ባለቤት፤ እሳቸውም ጋዜጣቸውን ይዘው ፀሐይ ሊሞቁ ነው እንጂ ስብሰባውን ብለው አይመስለኝም። «መልእክቱን ሁሉም አይተውታል፤ ይኸው ሁለት ጭረት አለው!» እያሉ አቶ ክብረት ስልካቸውን ያሳዩናል። «ጭረቱ ወንበር ላይ አይቀመጥም እኮ» አሉ አቶ ሂርጳ ከጋዜጣው ቀና ሳይሉ። አቶ ክብረት ኩም አሉና «እንግዲህ ምልዓተ ጉባኤ ካልሞላ፣ ደንቡ እንደሚለው ትንሽ ጠብቀን በተገኘው ሰው እናስረክባለን» አሉ። ሰው ባይመጣ ይቀራል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር፤ ለካስ በአቶ ሂርጳ ጋዜጣ ፊት ወንድሜን ልሸኘው ነው።

«እማዬ፣ ልክፈተው?» አለኝ አዶኒያስ። የማይክሮፎኑን ገመድ ነቅሎ የራሱን ሰክቷል። ሃሩንም ላፕቶፑን አቅፎ ከሀይሌ ጋርመንት ደርሶ አጠገቡ ቆሟል፤ ሁለቱም ፈተና እንደሚቀመጥ ሰው ገርጥተዋል። «ቀስ አድርገህ» አልኩትና ወንበር ወደ መወልወሌ ተመለስኩ። ሲጀምር ምንም አይመስልም። አንዲት ቀጭን ቫዮሊን ብቻዋን፣ የጠፋ ነገር እንደምትፈልግ፣ ትሄዳለች ትቆማለች፣ ትሄዳለች ትቆማለች። ቀጥሎ ሌላ መጣላት። ከዚያ ከጆሮዬ በፊት ሆዴ የሰማው አንድ ወፍራም ነገር ከሥር ተነሣ፤ አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ በግቢያችን የገባ መስሎኝ ዞር ብዬ አየሁ። ሲኖትራክ የለም። እንደገና ስዞር ስልሳዎቹ ቫዮሊኖች በአንድ ላይ መጡ። ጸጉሬ ቆመ! ጨርቁ እጄ ላይ እንዳለ ቀረ። ይሄን የሠራው የእኔ ልጅ ነው? ካልሲውን ከሶፋ ሥር የማያነሳው? አቶ ሂርጳ ጋዜጣቸውን ጭናቸው ላይ አሳርፈዋል። ወንበሩን ልወለውል የነበርኩት ሴትዮ ቁጭ አልኩበት፤ እንዲህ ደስ ያለኝ ነገር ከመቼ ወዲህ እንደሆነ እኔ አላውቅም። እውነቴን ነው፣ ስሙን የማላውቀው ነገር ነው ደስ ያለኝ።

ከዚያ ሁሉም ጸጥ አለ፤ አንድ ትንፋሽ ያህል። እና ጡሩምባው ተነፋ።

ሌላ ጡሩምባ እንዳይመስላችሁ። የወንድሜ! ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም፣ መጨረሻዋ ላይ ስንጥቅ የምትለው የእሱ ብቻ ናት፤ በሕልሜም አውቃታለሁ። አዶኒያስ ለካስ አጎቱን ሀይሌ ጋርመንት ወስዶ፣ ግድግዳው ላይ ፍራሽ አስደግፎ፣ ቀድቶት ኖሯል። በሞንታርቦው ሲመጣ መስታወት አንቀጠቀጠ። «ዝጋው!» ልል አፌን ስከፍት፣ ከላይ አንድ መስኮት ተከፈተ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ የብሎኩ መስኮት ሁሉ። ቴሌግራም ያልቀሰቀሰው ሕዝብ፣ ከእሑድ እንቅልፉ፣ ከቁርሱ፣ ከኳስ ጨዋታው እየተነሳ፣ ሴቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ወንዱ ጋቢውን ደርቦ በየደረጃው ሲወርድ ግቢው ጎርፍ የገባበት መሰለ። ልማድ ነውና ማንም ማንንም አልጠየቀም። ጎረምሶቹ በቀጥታ ኮሚናሉ ገብተው የድንኳኑን ቋሚ ተሸክመው ወጡ፤ ሴቶቹ ጎላ ድስቱን አንከባለሉት፤ ወንበሩ ተግተልትሎ ወጣ። «የእድሩ ዕቃ! ሳይፈረም!» ብዬ ብጮህ ማን ሰምቶኝ።

ከሁሉ ቀድማ ያለቀሰችው ከእኛ በላይ ያለችው ተሾመች ናት። ተሾመች መጀመሪያ ታለቅሳለች፣ ማን እንደሞተ ኋላ ነው የምትጠይቀው። ደረቷን እየደቃች መሃል ግቢ ስትደርስ ግን ድንገት ቆመችና አሰበች፤ ይህን ያህል ስታስብ አይቻት አላውቅም። «ጡሩምባ ቀርቷል አይደል?» አለች። «ቀርቷል» አሏት። «ታዲያ አሁን የተነፋው ለማን ቢሆን ነው? ለራሱ ነዋ! ለነፊው! ለክብሩ!» አለችና «ወይኔ ጋሽ አባይ! ማን ይቀስቅሰን እንግዲህ!» ብላ ለቀቀችው። ግቢው በአንድ አፍ ተቀበላት። ጡሩምባው ይቅር ብለው እጃቸውን ያወጡት ሁሉ ናቸው እኮ፤ «ያ ጉሮሮ! ያ ግርማ!» እያሉ የሚደቁት። አቶ ክብረት ማይክሮፎኑን ጨብጠው «ኧረ ማንም አልሞተም፣ ተረጋጉ!» ሊሉ ይሞክራሉ፤ ገመዱ ግን ተነቅሏል። አፋቸው ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ የሚወጣው ድምፅ ቫዮሊን ነው።

እኔንማ ተዉኝ። የሟች እህት ነኛ! አራት ሴቶች ግራ ቀኝ ያዙኝ። «አልሞተም! እላይ ቤት ነው ያለው!» አልኳቸው። «አይዞሽ፣ መጀመሪያ ላይ እንዲህ ያደርጋል» አሉኝ። «ልጄ የደረሰው ሙዚቃ ነው!» አልኩ። «ወይ እፄ፣ ነካካት» ተባባሉና ጭራሽ ወገቤን በነጠላ አሰሩኝ። ስታገል ደክሞኝ ቆም ስል፣ ያ ሁሉ ሰው «አባይነህ፣ አባይነህ» ሲል ስሰማ፣ ከመሬት ተነሥቶ ሆዴ ባባ። ሞቶ ቢሆንስ? ጨው እንኳን ሳላቀብለው? እንባዬ ዱብ ዱብ አለ፤ ሴቶቹም «ይኸው፣ አሁን ገባት» ብለው ተደሰቱ።

ወንድሜ ይህ ሁሉ ሲሆን ቦርሳውን በአንድ እጁ፣ ጡሩምባውን በሌላው ይዞ ወርዶ ከሕዝቡ ኋላ ቆሞ ኖሯል። ኋላ እንደተነገረኝ፣ ፊቱ የቆመውን አንዱን አዲስ ተከራይ «ማነው የሞተው?» ብሎ ጠየቀው። ሰውዬው ሳይዞር «ጋሽ አባይነህ» አለው። «የቱ አባይነህ?» «ጡሩምባ ነፊው።» «መቼ?» «ሌሊት ነው አሉ።» «በምን?» ተከራዩ በሐዘን ራሱን ነቀነቀ። «በንዴት። የገዛ እህቱ እጇን አውጥታበት።» ወንድሜ ይህን ሲሰማ ያንን ለብሎክ ሁሉ የሚለፍፍበትን ድምፁን አወጣው። «አልሞትኩም!»

ተሾመች ዞር ብላ ስታየው ጮኸችና ጎላ ድስቱ ክዳን ላይ ዘጭ አለች። ግቢው ክው አለ፤ ሙዚቃው ብቻ ይሄዳል። ሴቶቹ ለቀቁኝ፤ ነጠላው ግን ወገቤ ላይ እንደታሰረ ነው። ተሾመች ነፍሷ ሲመለስ ከመደሰት ይልቅ ተቆጣች፤ የወጣ እንባ መቼም አይመለስ። «ታዲያ ማነው የሞተው?» አለች። ሁሉም ወደ ሞንታርቦው፣ ከሞንታርቦው ወደ አዶኒያስ፣ ከአዶኒያስ ወደ ሃሩን ተመለከተ። ሃሩን ውሸት አያውቅበትም። «እስካሁን ማንም አልሞተም፣ እትዬ። የሚሞተው ዘንዶው ነው፤ እሱም ገና ነው» አላት።

ከዚያ ላፕቶፑን ከፍ አድርጎ አሳያቸው። ጌሙ የታክሲ ረዳት ታሪክ ነው። መንገድ ሲቆፍሩ ከአስፋልቱ ሥር የተኛ ዘንዶ ይቀሰቅሳሉ፤ ዘንዶው ሚኒባስ ይውጣል፤ ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይዋጋዋል። «ውይ! የተዋጠው ታክሲ ተሳፋሪ አለበት?» አለች አንዷ። «አለበት» አለ ሃሩን። «ትርፍም ጭኗል።» እንዲህ ከተባለ በኋላ ማን ጥሎ ይሄዳል? ወንበሩ ወጥቷል፣ ድንኳኑ ግማሽ ተተክሏል፣ ሰዉ ሐዘን እንደሚቀመጥ እጁን ጉንጩ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። የእድር ሰው መቀመጥ ያውቅበታል። ከበሮው ገባ፤ መሬቱ ተንቀጠቀጠ። አቶ ክብረት እንኳን ማይክሮፎኑን እንደጨበጡ፣ በከረባታቸው ጫፍ ጭናቸውን መታ መታ ሲያደርጉ አየኋቸው።

ዘንዶው ከአስፋልቱ ሥር ሲወጣ መዘምራን ተነሡ። የሺህ ሴት ድምፅ ነው፤ ወፍራሙ ከሥር፣ ቀጭኑ ከላይ፣ እየተቀባበሉ፣ «ቀ-ን-ስ! ኧረ ቀ-ን-ስ!» ይላሉ። ግሩም ነው ብዬ ልቤ ተነጥቆ ሳዳምጥ፣ የሰዉ አንገት አንድ በአንድ ወደ እኔ ሲዞር ታወቀኝ። እኔ ነኝ! ሺዎቹም እኔ ነኝ! አዶኒያስ ከመስኮት ሆኜ ከሽንኩርት ሻጩ ጋር ስጨቃጨቅ ቀድቶኝ፣ አባዝቶኝ፣ በስልሳ ቫዮሊን አጅቦኛል። «ሽንኩርቱ ስንት ብሎሽ ነው?» አሉኝ አቶ ሂርጳ። «መቶ ሃያ» አልኩ እያፈርኩ። «ዘንዶ ነዋ ታዲያ!» አሉ። «ቀንስ» በተባለ ቁጥር ዘንዶው ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፤ ትንሽ ቆይቶ ግቢው በሙሉ አብሮኝ ይጮህ ጀመር። ሽንኩርት የሚገዛ ሁሉ የሚያውቀው መዝሙር ነው። ተሾመች ክዳኑ ላይ ቆማ «ገደለው? በሞቴ፣ ገደለው ወይ?» ትላለች። ገደለው። እልልታው ቀለጠ፤ በተዘቀዘቀ ነጠላ እልል ሲባል ዛሬ ብቻ ነው ያየሁት።

ያለቀ መስሎን ስንነሣ አዶኒያስ እጁን አነሳ። «ቆዩ፣ ገና ነው።» ሁሉም ድምፅ ወርዶ ወርዶ ያቺ የመጀመሪያዋ ቀጭን ቫዮሊን ብቻዋን ቀረች። ከዚያ ጡሩምባው መጣ፤ ግን እንደ መርዶ አይደለም፣ ሕፃን የተኛበት ቤት ውስጥ እንደሚያወራ ሰው በለሆሳስ። ወንድሜ ጡሩምባ እንዲህ መንፋት እንደሚችል አላውቅም ነበር። ሲያበቃ አንዲት ሴት እያንጎራጎረች መለሰችለት። ወለል ስወለውል የማንጎራጉራት ዜማ ናት፤ አፌን ከፍቼ እንደማዜማት እንኳን አላውቅም። ጡሩምባው ይጠይቃል፣ እኔ እመልሳለሁ። እጠይቃለሁ፣ እሱ ይመልሳል። ቤት ውስጥ ጨው የማንቀባበል ሰዎች እዚያ ውስጥ ስንት ነገር አወራን! ሁለት ወር ሙሉ በመሃላችን ተቀምጦ የአንዱን ቃል ለአንዱ ሲያቀብል የከረመው ልጄ፣ ማታ ማታ በረንዳው ላይ እኛን ሲያስታርቅ ነበር ያመሸው። አለቀስኩ፤ በዚያ ላይ ወገቤ እንደታሰረ። ወንድሜን አየሁት፤ ወደ እኔ አይመለከትም፣ ሞንታርቦውን ነው ትኩር ብሎ የሚያየው። ቦርሳውን ግን መሬት ላይ አስቀምጦታል።

ሲያልቅ ለጊዜው ማንም አላጨበጨበም፤ በእድር ድንኳን ውስጥ ማጨብጨብ ይቻል እንደሆነ ማንም አያውቅም። አቶ ሂርጳ ናቸው የጀመሩት። አዶኒያስ ጆሮው ድረስ ቀላ። አቶ ክብረት ገመዳቸውን ሰክተው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ዙሪያውን ቃኙና «ምልዓተ ጉባኤው... ሞልቷል» አሉ፣ ማመን አቅቷቸው። «አጀንዳው የጡሩምባ ርክክብ ነው። ንብረት ያዥ ይቅረቡ።» ቀረብኩ። ወንድሜም ቀርቦ፣ ዓይኑን ከጫማው ሳያነሳ፣ ጡሩምባውን ዘረጋልኝ። እጄን ወደ ኋላ አደረግሁ።

«ቦታ የለኝም» አልኩ።

«ምን አሉ?» አሉ አቶ ክብረት።

«ኮሚናሉ ሞልቷል። እስከ ጣሪያው ድስትና ወንበር ነው። ጡሩምባ የሚገባበት ቀዳዳ የለኝም።»

የኮሚናሉ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ውስጡ ባዶ ነው፤ አንዲት ማንኪያ እንኳን አልቀረችም፣ ሁሉም ግቢው ላይ ነው ያለው። አቶ ክብረት በሩን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እንደገና በሩን አዩ። «እውነቷን ነው፣ በጣም ሞልቷል» አሉ አቶ ሂርጳ። «ጢም ብሏል እንጂ!» አለች ተሾመች ጎላ ድስቱ ላይ እንደተቀመጠች። ሕዝቡ ሁሉ «ሞልቷል፣ ሞልቷል» አለ። ስለዚህ «በቦታ ጥበት ምክንያት ጡሩምባው ባለበት እጅ ይቆይ፣ ቴሌግራሙም ለአበባው ይቆይ» ተብሎ ተወሰነ። እኔም ወደ ወንበሬ ስመለስ፣ ምን እንደቆረጠኝ እንጃ፣ «ክረምት ክረምት ግን ከደረጃው ሥር ተጠልሎ ይንፋ፤ ደረቱ...» አልኩና አፌን ያዝኩ። ወንድሜ ቀና አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አየኝ። ቦርሳውን አንስቶ ደረጃውን ወጣና በሩ ሥር፣ የነበረበት ቦታ መልሶ አስቀመጠው። አልፈታውም። ይሄ ሰው!

ምሳ ሽሮ ሠራሁ። ሦስታችንም ተቀመጥን፤ ጉልበቴ እንደገና ጉልበቱን ሊነካ ደረሰ። የጨው ዕቃው ያለው እኔ ጋ ነው፣ በክንዴ ጋርጄዋለሁ። ወንድሜ አንድ ጎረሰ። አኘከ። ቆም አለ። ሽሮው ጨው የሚባል ነገር አልነካውም፤ እኔ ነኛ የሠራሁት፣ ሆን ብዬ። ወደ አዶኒያስ ዞረ። አዶኒያስ «እማዬ፣ ጨ...» ሲል ከጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጥኩት፤ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ አንገቱን ደፋ። ወንድሜ ሌላ ጎረሰ፣ በግድ ዋጠ፣ ውኃ ጠጣ፣ በሩ ሥር ያለውን ቦርሳ አየ፣ ሽሮውን አየ።

«እፄ» አለ።

ስሜን ነው!

«ጨው።»

«ምን አልክ? አልሰማሁህም» አልኩት። ኧረ ሰምቻለሁ፤ ቢሆንም ሁለት ወር ጠብቄ አንዴ ብቻ አይበቃኝም።

«ጨው አቀብዪኝ!» አለ፣ ያንን የመርዶ ድምፁን ሙሉውን ለቆ። ሳህኑ ጮኸ። ከላይ ፎቅ መስኮት ሲከፈት ተሰማ።

«ደግሞ አሁን ማን ሞተ?» አለች ተሾመች።

«ጨው ነው!» አልናት ሁለታችንም፣ እኩል።